ወደ ሰባራ ድልድይ በእግር

ከሞጣ በማለዳ ተነስቶ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድን የሚያህል የእግር ጉዞ፣ ለእኔ የለም። ደጋው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወበቁ ፊት ይገርፋል። ከታች በአፄ ፋሲል ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ አለ። ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ ነበር። በጣልያን ወረራ ጊዜ አንዱ ቅስቱ ፈረሰና ስሙ ሰባራ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያ ማዶ በሚጎትቱት ሰዎች ክንድ ተማምኖ ክፍተቱን ይሻገር ነበር፤ እግሩ አየር ላይ፣ ዓባይ ከሥሩ። (እኔ ብሆን ዓይኔን እጨፍን ነበር።) በ2002 እ.ኤ.አ. ተጠገነ፤ ጎርፍ መልሶ ወሰደው፤ በኋላም ለእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ዓይን ግን ከአሮጌው ድንጋይ አይነቀልም። የምትሄዱ ከሆነ በበጋ ሂዱ፤ ውኃም ያዙ፣ አቀበቱ የሚጠብቃችሁ ስትመለሱ ነው።