በእንተ ሚዛነ ውኃ

ከአራቱ ባሕርያት አንዱ የሆነው ውኃ ከምንጩ ሳይነጠል ሲፈስስ ራሱን የሚያጠራ፣ በአንድ ስፍራ ተከትሮ ሲቆም ግን የሚጠብቀው እጅ የሚሻ ፍጥረት ስለ ሆነ፣ በግቢው ውኃ ከትሮ ሊዋኝበት የወደደ ሰው ከሁለት መንገዶች አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ይኸውም ወይ የቆየውን ለቆ በአዲስ መተካት፣ ወይም የቆየውን እየመረመሩና እየመዘኑ በጤናው ማኖር ነው። ጎንደር የመጀመሪያውን መንገድ ታውቀዋለች፤ የዐፄ ፋሲለደስ የጥምቀት ባሕር ለጥር 11 በዓል ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ ይሞላል፤ በዓሉ ካለፈ በኋላም ውኃው ይለቀቅና ባሕሩ አብዛኛውን ዘመን ደርቆ ይቆያል። ወንዝ በአጠገቡ ለሚያልፍ፣ በዓሉም በዓመት አንድ ጊዜ ለሚመጣ፣ ይህ ሥርዓት የተገባ ነበር።

እኔ ሙያዬን በምሠራበት በኮልፌ ቀራኒዮ ግን፣ ከአየር ጤና እስከ ቤቴልና ዓለም ባንክ ድረስ፣ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ የሚመጣ፣ ሮቶ የሌለውም ቤት ጀሪካን አሰልፎ ተራ የሚጠብቅ በመሆኑ፣ ያ መንገድ ለእኛ የተዘጋ ነው። ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 4፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ የመኖሪያ ቤት መዋኛ 60 ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ ይህም ሃያ ሃያ ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ሲሰፈር 3,000 ጀሪካን ነው። ስለዚህ የመዋኛ ጠባቂ ቀዳሚ ግዴታ አንድ ጊዜ የገባውን ውኃ ሳይደፋ ለብዙ ዘመን ማቆየት ነው እላለሁ፤ የምርመራውና የምጥጣኔው ጥበብ ሁሉ የሚያገለግለውም ይህንኑ ግዴታ ነው።

ዓይን ለዚህ ሥራ የማይበቃ ምስክር ነው። እንደ መስተዋት የጠራ ውኃ ተዋሲያንን የሚገድል ክሎሪን ሊያጣ ይችላል፤ አፍንጫም እንዲሁ ያሳስታል፤ ብዙ ሰው ክሎሪን በዝቶበታል ብሎ የሚሸሸው ያ የሚቆጠቁጥ ሽታ የሚነሣው፣ ክሎሪኑ ከላብና ከሰውነት እድፍ ጋር ተጣብቆ ኃይሉ ሲደክም ነውና፣ መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ክሎሪን መቀነስ ሳይሆን መጨመር ነው። ከእድፍ ጋር ያልተጣበቀው ነጻ ክሎሪንም ቢሆን ኃይሉ የውኃው አሲድነት በሚለካበት በፒኤች ይወሰናል፤ የዴንማርኩ ሊቅ ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ1909 ባወጣው በዚህ መለኪያ ውኃው 7.2 ሲሆን ከክሎሪኑ ሁለት ሦስተኛው ያህል፣ 7.5 ሲሆን ግማሹ፣ 8 ሲደርስ ግን ሩቡ ብቻ በኃይለኛው መልኩ ይገኛል። ፒኤቹን ሳይለካ ክሎሪን የሚጨምር ሰው እንግዲህ ገንዘቡን ወደ ውኃ ይጥላል።

ምርመራው ራሱ ሥርዓት አለው። ናሙናው ንጹሕ ውኃ ከሚገባበት አፍ ርቆ፣ ክንድ እስከ ክርን ጠልቆ፣ ከወለሉም ከገጹም ያልሆነው ይቀዳል፤ በናሙናው ላይ የሚጨመረው የመመርመሪያ ጠብታ ኅብርም በቀን ብርሃን፣ በነጭ ነገር ፊት ይነበባል። በሮዝ ቀለሙ የክሎሪንን መጠን የሚያሳየው ጠብታ ክሎሪኑ እጅግ ሲበዛ ቀለሙ ይጠፋበታልና፣ ይህን የማያውቅ ጠባቂ ክሎሪን የለም ብሎ በመትረፍረፉ ላይ ሌላ ይጨምራል፤ የሚያውቅ ግን ናሙናውን በተጣራ ውኃ አቅጥኖ ደግሞ ይለካል። ፀሐይ ከገባች በኋላ ለክቶ ፀሐይ ሳትወጣ ዳግመኛ መለካትም ብዙ ያስተምራል፤ ፀሐይ በሌለችበት ሌሊት ክሎሪኑ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በላይ ቢጎድል፣ ለዓይን ገና ያልታየ ዋቅላሚ ወይም ሌላ እድፍ እየበላው ነው።

የምጥጣኔው መሠረት አልካሊነት ነው፤ በአሲድና በተቃራኒው መካከል እንደ ሽማግሌ ተቀምጦ ፒኤቹ በትንሽ ምክንያት እንዳይገነፍል ይይዘዋል፤ ልኩም በሊትር ከ80 እስከ 120 ሚሊግራም ነው። የምዕራቡ የከተማችን ክፍል ሲጠጣው የኖረው የገፈርሳ ግድብ ውኃ የገጸ ምድር ውኃ በመሆኑ የሟሟበት ማዕድን ጥቂት ነው፤ ከጉድጓድ ተቀድቶ በቦቴ የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ ማዕድን የበዛበት ነውና፣ አንዱ መዋኛ ዛሬ ከዚህ ነገ ከዚያ ሲሞላ ባሕርዩ ይለወጣል፤ ከእያንዳንዱ ሙሊት በኋላ አዲስ ምርመራ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው። ላንጅሊየር የተባለው አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1936 እንዳስረዳው፣ ካልሲየም የጎደለው ውኃ ከሴራሚኩ መጋጠሚያ ሲሚንቶውን እየበላ ጉድለቱን ይሞላል፤ ካልሲየም የተረፈው ውኃ ደግሞ በግድግዳና በቧንቧ ላይ ነጭ ቅርፊት ያለብሳል።

ጉድለቱ ከታወቀ በኋላ መድኃኒቱ በሚዛን ይሰፈራል እንጂ በእፍኝ አይበተንም። በ60 ሜትር ኩብ ውኃ አልካሊነትን በሊትር በ10 ሚሊግራም ለማሳደግ 1 ኪሎ ያህል ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ነጻ ክሎሪንን በ1 ሚሊግራም ለማሳደግ ደግሞ ከመቶው 65 እጅ ኃይል ካለው የክሎሪን ዱቄት ከ90 ግራም ጥቂት የሚያልፍ ይበቃል። አስቀድሞ አልካሊነት፣ ቀጥሎ ፒኤች፣ ከዚያ ክሎሪን ይስተካከላል፤ በየመካከላቸውም ፓምፑ ውኃውን እንዲያዞር ጊዜ ይሰጠዋል። አሲድ ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ ወደ አሲድ አይጨመርም፤ ክሎሪንና አሲድም በአንድ ዕቃ ወይም በአንድ መደርደሪያ አይኖሩም፤ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ነፍስ ያጠፋል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ስለ ሆነች፣ የበጋ ፀሐይዋ ጥላ የሌለውን ክሎሪን በጥቂት ሰዓት ታጠፋዋለች፤ ስታቢላይዘር የሚባለው ሳያኑሪክ አሲድ ይህን ጥፋት ይከላከላል፤ በሊትር ከ30 እስከ 50 ሚሊግራምም ይበቃዋል። ብዙዎች ለምቾቱ የሚመርጡት የክሎሪን ክኒን ግን ይህንኑ አሲድ በየጊዜው ይጨምራል፤ አሲዱም ከውኃው ጋር አይተንምና እየተከማቸ ከ100 ሲያልፍ ክሎሪኑን ያሰንፈዋል፤ ያን ጊዜ በእጃችን ያለው ፈውስ ውኃውን ከፊል መድፋት ብቻ ይሆናል። እነሆ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ለመለካት የሰነፈ እጅ በመጨረሻ የሚከፍለው ዋጋ ይህ ነው።

ክረምት ግን ለሚያስተውል ሰው በረከት ይዞ ይመጣል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ መዋኛውን ሞልቶ ሲያፈስስ የተከማቸውን ሳያኑሪክ አሲድና ካልሲየም ያለ ቦቴ ይቀንሳል፤ በአንጻሩም አልካሊነቱን ያሟጥጣልና በዚያ ወራት ምርመራው ይደጋገም። ፊልተር ሲታጠብ የሚወጣው ውኃም በበርሜል ፀሐይ ላይ ሰንብቶ ክሎሪኑ መጥፋቱ በጠብታ ከተረጋገጠ በኋላ ለዛፍ ይጠቅማል። ጎረቤቱ ጀሪካን ይዞ በሚሰለፍበት ሰፈር መዋኛ ያሠራ ሰው የተቀበለው አደራ ከደስታው ይበልጣል፤ አደራውን የሚወጣውም ልኬቱን በየሳምንቱ በደብተር ጽፎ፣ ቦቴ ከመጥራቱ በፊት ደብተሩን ሲመረምር ነው።