የተከፋፈለ ሶፍትዌር ለተማሪ ይበጃልን?

አንድ ቁና ጤፍ ሊገዛ የሄደ ሰው «ሙሉ ጆንያ ካልወሰድክ አልሸጥልህም» ቢባል ማዘኑ አይቀርም። ብዙ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ግን የሚቀርቡልን እንዲሁ ነው። አንዱን ክፍል ፈልገን ሙሉውን እንጭናለን።

በሊኑክስ ዓለም ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ ትልቁን ጥቅል በትናንሽ ጥቅሎች መከፋፈል ነው። አልፓይን ሊኑክስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በአልፓይን ዘንድ ሥራውን የሚፈጽመው ዋናው ክፍል ለብቻ፣ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚያስፈልገው ለብቻ፣ የልዩ ልዩ ቋንቋዎች ትርጉም ለብቻ፣ የመመሪያው ጽሑፍም ለብቻ ይጠቀለላል። አነስተኛው የአልፓይን ሥርዓት በዲስክ ላይ የሚይዘው 130 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው። አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላሏቸው ትምህርት ቤቶች ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

እኛ የምንነቅፈው መመሪያው ከፕሮግራሙ መለየቱን ነው። ለሠለጠነ ባለሙያ መመሪያው ትርፍ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ለጀማሪ ተማሪ ግን መምህሩ በሌለበት ሰዓት የሚያስተምረው እርሱ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል ተማሪው ስለ አንድ ትእዛዝ ማብራሪያ ሲጠይቅ መልስ ያጣል። እርግጥ «ዶክስ» የተባለው ጥቅል ሲጫን በኮምፒዩተሩ ላይ ላሉት ፕሮግራሞች የተዘጋጁት መመሪያዎች ተከትለው ይመጣሉ። ሆኖም ጀማሪው ይህን ከየት ያውቃል? በዚህ ረገድ ዴቢያን የተሻለ ሚዛን ይዟል። ሰፋፊ ሰነዶችን ለብቻ ቢለይም፣ አጭሩን የትእዛዝ መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮግራሙ ጋር ይተወዋል።

ደግሞም ማነስ የሚገኘው በመከፋፈል ብቻ አይደለም። ብሩስ ፔረንስ እ.ኤ.አ. በ1995 ቢዚቦክስን የጀመረው የዴቢያን መጫኛ በአንድ ፍሎፒ ዲስክ እንዲገባ አስቦ ነበር። ዘዴውም ብዙ ትእዛዞችን በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ማሰባሰብ ነው። አልፓይን ራሱ በቢዚቦክስ ይጠቀማል። እንግዲህ መክፈልም ሆነ መሰብሰብ በራሱ ግብ ሊሆን አይገባውም፤ ዋናው ጥያቄ ተጠቃሚው ማን ነው የሚለው ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥርዓት በክፍል ለመጠቀም የምታስቡ መምህራን ኢንተርኔት ካለበት ሳትርቁ መመሪያዎቹን አስቀድማችሁ ጫኑ። እናንተም ተማሪዎች፣ አንድ ነገር አነሰ ሲባል ምን እንደተቀነሰለት መጠየቅን ልማድ አድርጉ።