ግሬት ዌስተርን፦ በጀግንነት ዝና የተሸፈነች ነጋዴ

ሣራ ቦውማንን የምናውቃት በአብዛኛው በወታደሮች አንደበት ነው። በ1846 (እ.ኤ.አ.፣ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) በተጀመረው የአሜሪካና የሜክሲኮ ጦርነት አብረዋት የዘመቱ፣ ከእጇ የበሉ፣ በሆቴሏ ያደሩ ወንዶች ትዝታቸውን ሲጽፉ እሷን ሳያነሡ አላለፉም። ቁመቷ ስድስት ጫማ ያህል፣ ትከሻዋም ሰፊ ስለነበር በ1838 አትላንቲክን ባቋረጠው ግዙፍ የእንፋሎት መርከብ ስም «ግሬት ዌስተርን» ብለው ጠሯት። ባል በለወጠች ቁጥር በሰነዶች ላይ የሚገኘው ስሟ ሲቀያየር ይህ ቅጽል ግን እስከ ሞቷ ተከትሏታል። ስለ ራሷ የጻፈችው መጽሐፍ የለም። የዚህ ዳሰሳ ክርክርም ከዚሁ ይነሣል፦ ወታደሮቹ ያቆዩልን ደፋሯን ሴት ነው፤ ሃያ ዓመት ያህል ጦሩ በሄደበት እየሄደች ምግብ፣ መኝታና መጠጥ የሸጠችው ነጋዴ ግን በዚያው ዝና ተሸፍናለች።

ነገሩን ለመረዳት ከጦሩ ደንብ መነሣት ያስፈልጋል። በ1802 የወጣ ሕግ የአሜሪካ ጦር ለእያንዳንዱ ሻምበል ጦር እስከ አራት ሴቶች በልብስ አጣቢነት እንዲይዝ ፈቅዶ ነበር። ሴቶቹ ከመንግሥት የቀን ቀለብ ይሰፈርላቸዋል፤ የአጠባው ዋጋ በሰፈሩ ሹማምንት ይተመናል፤ ሒሳባቸውን የሚያገኙት ከወታደሩ ደመወዝ ነው። ብዙዎቹ የወታደር ሚስቶች ነበሩ። ተራ ወታደር በዚያ ጦርነት ጊዜ በወር 7 ዶላር ብቻ ይከፈለው ስለነበር ያለ ሚስቱ ገቢ ቤተሰብ ማቆም የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ጋብቻው ከትዳርነቱ ሌላ የሥራ ፈቃድም ነበር፦ ቀለብ ያስገኛል፣ ከጦሩ ጋር ያስጉዛል፣ ደንበኛ ያቀርባል። ሣራ ይህን ከማንም በላይ ጠንቅቃ የተረዳች ይመስለኛል፤ የኋላ ሕይወቷ ሁሉ የሚነበበው በዚህ ቁልፍ ነው።

በ1845 በጄኔራል ዛካሪ ቴይለር ጦር ውስጥ ቴክሳስ፣ ኮርፐስ ክሪስቲ ስትደርስ ሥራዋ አጠባና ለመኮንኖች ምግብ ማብሰል ነበር። ዝናዋ የተነሣው በግንቦት 1846 ከማታሞሮስ ከተማ ማዶ፣ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር በተሠራው ምሽግ ነው። የሜክሲኮ መድፎች ከግንቦት 3 እስከ 9 ምሽጉን ሲደበድቡ አዛዡ ሻለቃ ጄከብ ብራውን ቆስሎ ሞተ፤ ምሽጉና በኋላ በአጠገቡ የተቆረቆረችው ብራውንስቪል ስማቸውን ያገኙት ከእሱ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ከመጠለያ ገብተው የአሸዋ ከረጢት ሲሰፉ ሣራ እሳቷን አልለቀቀችም። ቡናና ሾርባ እያፈላች ለተኳሾቹ አደለች፤ ቁስለኞችን ተንከባከበች። ጥይት ባርኔጣዋን ቀዶ እንዳለፈ ይተረካል። ጋዜጦች «የፎርት ብራውን ጀግና» አሏት። ድፍረቷን ለማሳነስ አልፈልግም፤ በመድፍ ውርጅብኝ መካከል ምድጃ ዳር መቆም ቀላል አይደለም። ሆኖም ያን ዕለት የሠራችው ሥራ በሌላው ቀን የምትሠራውና የምትተዳደርበት ሥራ ነበር። ጋዜጦቹ እሳቱን ወደ ጀግንነት ምልክት ሲለውጡት እንጀራዋ መሆኑ ተዘነጋ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለእኔ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። ጦሩ ወደ ሜክሲኮ ውስጥ ሲገፋ ሣራ በማታሞሮስ፣ በሞንተሬይ፣ በመጨረሻም በሳልቲዮ «አሜሪካን ሃውስ» የተባለ ማረፊያ ከፈተች። በየካቲት 1847 የቡዌና ቪስታ ውጊያ በሳልቲዮ አቅራቢያ ሲካሄድ ቤቷ ምግብ ቤትም፣ ማደሪያም፣ የቁስለኛ መጠለያም ሆነ። የቦታ ምርጫዋን በካርታ ላይ ለሚከተል ሰው ሥርዓቱ ግልጽ ነው፦ ደመወዝ የሚከፈልበት ሰፈር ባለበት ሁሉ እሷ አለች። የወታደሩ ገንዘብ ከኪሱ ሳይወጣ ሰፈሩን አያልፍም ነበር፤ ሣራም የሚወጣበትን በር ታውቅ ነበር። ያለ ባንክ፣ በባዕድ ከተማ፣ የጦርነት ዕጣ ሲገለባበጥ ተከራይቶ፣ ሸምቶ፣ ቀጥሮ ማትረፍ ከፍተኛ ችሎታ ይጠይቃል።

ግን ከተማዎቹ የተወረሩ ከተማዎች ነበሩ፤ ይህን ሳይናገሩ እሷን ማወደስ ለእኔ ያልተሟላ ንባብ ነው። ትርፏ የወረራ ትርፍ ነበር። የጊዜው ጸሐፊዎች በሆቴሎቿ የሴተኛ አዳሪነት ንግድም ይካሄድ እንደነበር ይጠቁማሉ። በእነዚያ ቤቶች የሠሩት ሴቶች ስም ግን በአንዱም ትዝታ ውስጥ አልተመዘገበም። የአንዲት ሴት ስም ከፍ ያለበት መዝገብ የሌሎቹን ሴቶች ስም ጭራሽ አልያዘም።

እዚህ ላይ ስለ ዋናው ምስክር መነጋገር ግድ ይላል። ፈረሰኛው ሳሙኤል ቻምበርሌን የጻፈው ትዝታ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ1956 ነው። እሱ እንደሚተርከው፣ በ1848 ክረምት ጦሩ ወደ ካሊፎርኒያ ሊጓዝ ሲነሣ ሣራ አብራ ለመሄድ ጠየቀች፤ መኮንኑም ከወታደሮቹ አንዱን ካገባች እንደሚፈቅድላት ነገራት። እሷም በተሰለፈው ፈረሰኛ ፊት እየጋለበች ሀብቷንና አካሏን ጠርታ ባል የሚሆናት ካለ ጠየቀች፤ ዴቪስ የሚባል ወታደርም ተገኘ። ታሪኩ ሲነገር ያስቃል፤ ስለዚህም ስለ እሷ በሚጻፍ ሁሉ ውስጥ ይደገማል። ቻምበርሌን ወግ አሳማሪ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ ዝርዝሩን በጥርጣሬ ቢይዝ አይፈረድበትም። ፍሬ ነገሩ ግን ከወታደራዊው ደንብ ጋር ይገጥማል፦ መንገዱን ለማግኘት ባል ያስፈልጋት ነበር፤ ባሉንም በግልጽ፣ በራሷ ምርጫ፣ ካፒታሏን አስይዛ አገኘች። ቀልዱን ብናነሣለት የሚቀረው የንግድ ውል ነው።

ያው ቻምበርሌን በየካቲት 1847 የአርካንሳስ ፈረሰኞች በአጉዋ ኑዌቫ አቅራቢያ ሰላማዊ ሜክሲካውያንን መፍጀታቸውንም ጽፏል፤ ጄኔራል ቴይለር ራሱ ድርጊቱን አውግዟል። አንዱ ምስክር ሁለቱንም አቆይቶልናል። የሰርጉ ወግ በየመጽሐፉ ሲደገም ፍጅቱ ከሣራ ታሪክ ውጭ መቅረቱ የአንባቢዎች ምርጫ ነው፤ ምርጫውም ትክክል አይመስለኝም። ሳልቲዮ ከዚያ ስፍራ ሩቅ አልነበረችም።

በ1849 ኤል ፓሶ ደረሰች። ያ ዓመት ወርቅ ፈላጊዎች ወደ ካሊፎርኒያ የሚጎርፉበት ነበርና ማረፊያዋን የከፈተችው በገንዘቡ መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ያለፈው ጆን ፎርድ የተባለው ቴክሳሳዊ በተደባዳቢነት ዝናዋ ምክንያት ሰው ሁሉ በትሕትና ይቀርባት እንደነበር ጽፏል። እንግዶቿን እንዴት ታስተናግድ እንደነበር ቢነግረን እመርጥ ነበር። ወዲያው ጀርመን ተወላጅ የሆነውን ወታደር አልበርት ቦውማንን አገባች፤ ከእሱም ጋር የኮሎራዶ ወንዝ መሻገሪያ ወደሆነው ፎርት ዩማ ሄደች። ምሽጉን በ1852 እንደገና ያቋቋመው ሻለቃ ሳሙኤል ሄይንትዘልማን በዕለት ማስታወሻው ይጠቅሳታል። ይህን ማስታወሻ ከትዝታዎቹ ሁሉ አስበልጣለሁ። የተጻፈው ዕለት በዕለት ነው፤ አንባቢን ለማስደነቅ የታሰበበት አይደለም። እዚያ የምናገኛት ሴት ታበስላለች፣ ትደራደራለች፣ ሥራዋን ታስፋፋለች። በወንዙ ማዶ ዛሬ ዩማ የምትባለው ከተማ ስትመሠረት ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች አንዷ እሷ ነበረች፤ ወላጅ ያጡ ልጆችንም አሳድጋለች።

በታኅሣሥ 1866 ዩማ ውስጥ ስትሞት በወታደራዊ ክብር በምሽጉ መቃብር ተቀበረች። በ1890 የወታደሮቹ አጽም ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ብሔራዊ መቃብር ሲዛወር የእሷም አብሮ ተወሰደ። ጦሩ እንደ ራሱ ሰው ቆጥሯታል፤ ይህ በእውነት የሚገባት ክብር ነው። የሆነ ሆኖ ይህም ክብር ያጸናው የወታደሮቹን ትረካ ነው።

ሌላ ዓይነት ትረካ ሊኖር እንደሚችል ለማየት ጃማይካዊቷ ሜሪ ሲኮል ታግዘናለች። እሷ የወታደር ሚስት አልነበረችም፤ የስኮትላንዳዊ መኮንን ልጅ ነበረች። በክራይሚያ ጦርነት፣ በ1855፣ ከሽርካዋ ቶማስ ዴይ ጋር በባላክላቫ አጠገብ «ብሪቲሽ ሆቴል»ን ከፈተች፤ ቁስለኞችን እያከመች ሸቀጥ ሸጠች፤ በ1856 ሰላም ሲወርድ ዕቃው ሳይሸጥ ቀርቶ ከሰረች። በ1857 ያሳተመችው መጽሐፍ ጀብዱን ከሒሳብ ጋር አጣምሮ ይተርካል፦ የተሰረቀ ከብት፣ ያልተከፈለ ዱቤ፣ በመጨረሻም ኪሳራው። አንባቢዋ ነርሷንና ነጋዴዋን ለይቶ ማየት አይችልም፤ ደራሲዋ አልፈቀደችለትምና። ሣራ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ስለሌላት ሥራው በታሪክ ጸሐፊው ላይ ወድቋል። የሕይወት ታሪኳን እንደገና የሚጽፍ ሰው ከሄይንትዘልማን ማስታወሻ፣ ከሕዝብ ቆጠራ መዝገብና ከጦሩ የቀለብ ደንብ ይጀምር፤ የቻምበርሌን የሰርግ ወግ ቦታው ከእነዚህ በኋላ ነው።