ጠርዝ የሌለው ዕጢ

በብዙ ዕጢዎች ስላይድ ላይ ጠርዙን ፈልጌ አገኛለሁ፤ ቀዶ ሐኪሙም ከእኔ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ግሊዮማ በሚባለው የአንጎል ዕጢ ላይ ግን አይሳካልኝም። በሄማቶክሲሊንና በኢዮሲን አቅልሜ ሳየው መሀሉ ላይ ሴሎቹ ተጨናንቀዋል፤ ወደ ዳር ስሄድ ይሳሳሉ፤ ከዚያም አንድ ሁለቱ በጤነኛው የአንጎል ሥጋ ውስጥ ተበትነው አገኛቸዋለሁ። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዋልተር ዳንዲ ይህን ዕጢ ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ1928 የአንጎልን ቀኝ ግማሽ እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር። ያም በቂ አልሆነም።

እነዚህን ሴሎች ምን ያስኬዳቸዋል? የመልሱ አንዱ ክፍል ስኳር ነው። ኤምጋት-5 የሚባለው ኢንዛይም በሴሉ ገጽ ፕሮቲኖች ላይ በተንጠለጠለው የስኳር ሰንሰለት ላይ አዲስ ቅርንጫፍ ይተክላል። ሴሉ አካባቢውን የሚጨብጥባቸው ኢንተግሪኖች ይህ ቅርንጫፍ ሲበዛባቸው አያያዛቸው ይለወጣል። ተመራማሪዎች ኢንዛይሙን በግሊዮማ ሴሎች ውስጥ ሲያበዙት ሴሎቹ ይበልጥ ሰርጎ ገብ ሆነዋል። ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ መጫን ግን አልወድም፤ የዕጢውን ባሕርይ የሚወስኑት የዘረመል ለውጦች ብዙ ናቸው።

የዘወትር ቀለሜ ይህን ቅርንጫፍ አያሳየኝም። የሚያሳየው ከቀይ ቦሎቄ የሚወጣ ሌክቲን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ቅርንጫፉን እየመረጠ ይጣበቃል። ጥሬ ቦሎቄ የበላን ሰው ሆዱን የሚያውከውም የዚሁ ሌክቲን ወገን ነው፤ በደንብ ሲፈላ ይከሽፋል። በቤታችን ድስት ውስጥ የምናጠፋው ነገር ለላቦራቶሪ መሣሪያ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ስለ ስኳር ሲነሳ የማር አገር ሰው መጨነቁ አይቀርም። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያዋ ጌጫ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አባት «ዶክተር፣ ማር ይተው እንዴ?» ብለውኛል። «ይብላ፣ አባባ» አልኳቸው። ሴሉ ቅርንጫፉን የሚሠራው በደም ውስጥ ሁልጊዜ ካለው ግሉኮስ ነው፤ ማር መከልከል ኢንዛይሙን አያስቆመውም።

ሪፖርቴ ላይ ኤምጋት-5ን አልጽፍም፤ ዛሬ በእሱ ላይ ተመሥርቶ የሚታዘዝ መድኃኒት የለምና። የምጽፈው «ሰርጎ ገብ» ብዬ ነው። ከዚያ የሚቀረኝ ናሙናውን የሚልኩልኝን መለመን ነው፦ ከመሀሉና ከዳሩ የተወሰደው በየብልቃጡ ይለይ፤ 10 በመቶ ፎርማሊኑም ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። ከጌጫ እስከ አዲስ አበባ መንገዱ ረጅም ነው፤ በመንገድ የበሰበሰን ሥጋ ሄማቶክሲሊንም ሆነ ቦሎቄ አያድነውም።