አርጃኖና እንጉዳይ በአንድ ኩይሳ

እንዴት እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም! ሰሞኑን አብነት ሰፈር ያገኘሁትን ሁሉ እያስቆምኩ የማወራው ስለ አርጃኖና ስለ እንጉዳይ ነው።

የተጀመረው ከግቢያችን አጥር ነው። ክረምቱ ሲበረታ አንዱ የባሕር ዛፍ ቋሚ ጎኑ ላይ እንደ መደርደሪያ የተነባበረ እንጉዳይ አወጣ። የእህቴ ልጅ ሲያየው ቆየና፣ «ጋሼ፣ ከእሱና ከአርጃኖ ማን ይበልጣል?» አለኝ። ሳቅኩበት። አንዱ ሁለት ሜትር የሚደርስ፣ ምላሱ እንደ እባብ የተሰነጠቀ፣ የአዞ እንቁላል ቆፍሮ የሚበላ የጫሞ ሐይቅ ዳር አዳኝ እንሽላሊት፤ ሌላው ካለበት የማይነቃነቅ፣ ሆድ እንኳ የሌለው! ግን ያለ ሆድ እንዴት ይበላል? ጭማቂውን እንጨቱ ላይ ያፈሳል፤ እንጨቱ እዚያው ይሟሟል፤ እሱ ይመጥጠዋል። ሆዱ ከውጭ ነው በሉት!

ስለ ሁለቱ ሳነብ ደግሞ ኩይሳ ላይ ደረስኩ። አርጃኖ እንቁላሏን የት የምትጥል ይመስላችኋል? ምስጥ የሚርመሰመስበት ኩይሳ ውስጥ! ዝናብ ሲያለሰልሰው በጥፍሯ ትቦረቡረዋለች፣ እስከ 60 እንቁላል ትጥልና ትሄዳለች። ቀዳዳውን የሚደፍኑት ምስጦቹ ራሳቸው ናቸው፤ ቤታቸውን ሲጠግኑ እንቁላሉን አብረው ይዘጉበታል። ሙቀቱ አይዋዥቅ፣ እርጥበቱ አይጎድል፤ ኪራይ የማይከፈልበት መፈልፈያ!

ደግሞ ከምስጦች መካከል ገበሬዎች አሉ። እንጨትና ሣሩን አኝከው፣ በሆዳቸው አሳልፈው፣ የማር እንጀራ በሚመስል ክምር ላይ እንጉዳይ ያበቅላሉ። እንጉዳዩ ጠንካራውን እንጨት ያላላላቸዋል፤ እነሱ መልሰው ይበሉታል። ሰው ማረሻ ሳይጨብጥ፣ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ግድም የተጀመረ እርሻ! (እርግጥ ምስጥ ሁሉ አራሽ አይደለም፤ አርጃኖ ግን የማያርሱትንም ቤት አትንቅም።)

ዝናቡ ሲመለስስ? እንጉዳዩ አፈሩን ሰንጥቆ ጃንጥላውን ይዘረጋል፤ ከዘመዶቹ አንዱ ዛምቢያ ውስጥ ስፋቱ 1 ሜትር ይደርሳል፣ ያውም የሚበላ! የአርጃኖ ጫጩቶችም ያንኑ ዝናብ ጠብቀው፣ የራሰውን ግድግዳ ፍቀው ይወጣሉ። ሁለቱም በአንድ ደጅ፣ በአንድ ወቅት!

ይህን ሁሉ ለልጁ ስተርክለት አዳመጠኝና፣ «እንግዲያው የሚበልጠው ምስጡ ነዋ!» ብሎኝ ወደ አጥሩ ሮጠ።

ቋሚው እየበሰበሰ ነው፤ አጥሩም ወደ መንገዱ ማዘንበል ጀምሯል። ሊቀይረው የመጣውን አናጢ ግን መልሼዋለሁ። መስከረም እስኪጠባ ያን እንጨት የሚነካ የለም።