የሕፃናት የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በምን ይመዘናል?

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሕፃን ግን መናገር አይችልም እንጂ በሽታውን አይሸሽግም። ስለ ሕፃናት የሳንባ ነቀርሳ የተጻፈውን ስናነብ ይህን ልዩነት ማስታወስ ይገባናል።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ2022 ውጤቱ የታተመው «ሻይን» የተባለው ጥናት በሕንድ፣ በኡጋንዳ፣ በዛምቢያና በደቡብ አፍሪካ የተደረገ ነው። በሽታው ያልከፋባቸውን 1,204 ልጆች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለእኩሌቶቹ የ4 ወር፣ ለቀሩት የተለመደውን የ6 ወር ሕክምና ሰጠ። ሕክምናው ያልተሳካላቸው፣ ያቋረጡ ወይም የሞቱት ከባለ 4 ወሮቹ 16፣ ከባለ 6 ወሮቹ 18 ሆኑ፤ ይኸውም በሁለቱም ወገን ከመቶ 3 ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት አጭሩን ሕክምና ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን መከረ። በየቀኑ መድኃኒት ለምታስውጥ እናት የሁለት ወር ዕረፍት ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም በጥናቱ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው ስለ ምርመራው ነው። ባክቴሪያው በላቦራቶሪ የተረጋገጠባቸው ከመቶ 14 ብቻ ነበሩ። ሕፃን አክታውን ይውጠዋል እንጂ አይተፋም፤ በሰውነቱም ያለው ባክቴሪያ ጥቂት ነው። እንግዲህ ነቀርሳ የሌለባቸው ልጆች ተቀላቅለው ቢሆን ሁለቱ ሕክምናዎች ያለ አግባብ ተመሳስለው በታዩ ነበር። አጥኚዎቹ ግን ገለልተኛ መርማሪዎች ነቀርሳ ነው ያሏቸውን 958 ልጆች ብቻ ለይተው ቢያሰሉ ውጤቱ አልተለወጠም። በዚህ በኩል ጥናቱ ይጸናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል፤ የሚመለከተውም አጥኚዎቹን ሳይሆን እኛን አንባቢዎቹን ነው። ጥናቱ የቆጠረው ሐኪም ዘንድ የደረሱትን ነው። በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት በ2015 ከ15 ዓመት በታች የሆኑ 239,000 ያህል ልጆች በነቀርሳ እንደ ሞቱ ይገምታል፤ ከነዚህም ከመቶ ከ96 የሚበልጡት ሕክምና ያላገኙ ነበሩ። መድኃኒቱ አልደረሰም እንጂ አልተሸነፈም። በመዝገብ የገቡትን ብቻ ቆጥረን «ሕክምናው ተሳካ» ብንል፣ ሳይመዘገቡ የሞቱትን ሁለተኛ ጊዜ መርሳት ይሆናል።

ስለዚህ ሚዛኑ ከታከሙት ስንቱ ዳኑ የሚለው ብቻ ሳይሆን ከታመሙት ስንቱ ተገኙ የሚለውም መሆን አለበት። ሕፃን ብዙውን ጊዜ በሽታው የሚይዘው አብሮት ከሚኖር ትልቅ ሰው ነው። እንግዲያው ፍለጋው የሚጀምረው በነቀርሳ የታመመውን ሰው «በቤትዎ ሕፃን አለ?» ብሎ በመጠየቅ ነው።