«ግጭት» ስለተባለው የሶፍትዌር ቃል

በቡድን የሚሠሩ የፕሮግራም ጸሐፊዎች አንዱን ፋይል ለየብቻ ካረሙ በኋላ እርማቶቻቸውን መልሰው ያጣምራሉ። ሁለት የተለያዩ እርማቶች በአንድ መስመር ላይ ሲያርፉ የሚፈጠረውን ሁኔታ «የቅጂ ግጭት»፣ መፍትሔውንም «ግጭት መፍታት» ብሎ መተርጐም ይቀናል። ትርጕሙ ለባዕዱ ቃል ታማኝ ነው፤ ለነገሩ ግን ታማኝ አይመስለኝም።

ለምሳሌ ስለ ምዕራብ ጎንደር ቆላ ከተሞች የተዘጋጀ አንድ ፋይል እናስብ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋር የተዋጉበትን ስፍራ አንዱ አራሚ «መተማ»፣ ሌላው «ገላባት» ብለው ጻፉት። ገላባት ዛሬ ከመተማ ዮሐንስ ማዶ ያለችው የሱዳን ከተማ ናት፤ ጦርነቱም በሁለቱም ስም ይጠራል። በ2005 እ.ኤ.አ. ሊኑስ ቶርቫልድስ የጀመረው ጊት እዚህ ላይ ይቆማል፤ ሁለቱን ንባቦች በምልክት ለይቶ ምርጫውን ለሰው ይተዋል። «ግጭት» የተባለው ይህ ነው። የተጋጨ ግን የለም።

የሚያሠጋው ሌላው ነው። ጦርነቱ የተደረገው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ማለትም ማርች 9 ቀን 1889 እ.ኤ.አ. ነው። አንዱ አራሚ በፋይሉ ራስጌ «ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው» የሚል ማስታወሻ ይጨምራል። ሌላው ይህን ሳያውቅ፣ ለውጭ አንባቢ አስቦ፣ ብዙ መስመር ዝቅ ብሎ 1881ን በ1889 ይተካል። መስመሮቹ ስለማይነካኩ መሣሪያው አንዳች ሳይል ሁለቱንም ይቀበላል። በዚህም ንጉሠ ነገሥቱ ከዐድዋ ድል በኋላ መተማ ላይ ተዋጉ ማለት ይሆናል! «ግጭት የለም» የሚለውን መልእክት ያነበበ ተርጓሚ ፋይሉን አምኖ ያሳልፈዋል።

የሒሳብ ሠራተኞች የተሻለ ቃል አላቸው። የባንኩና የመዝገቡ ቍጥር ሲለያይ ሒሳብ «ያስታርቃሉ»፤ ልዩነቱን የሚጠቍም ባይኖርም ፈልገው ያገኙታል። በበኩሌ «ያልታረቀ ለውጥ»ን እና «ለውጥ ማስታረቅ»ን እመርጣለሁ። «ማስታረቅም ጠብን ያስታውሳል» የሚል አይጠፋም፤ እውነት ነው፤ ሆኖም በሒሳብ መዝገብ ውስጥ የጠቡ ትርጕም ደብዝዟል። «ግጭት» ግን በድንበር ለሚኖር ሰሚ ገና ትኩስ ነው። ቃሉ በመዝገበ ቃላት ሲገባም ፍቺው መሣሪያው የጠቈመውን ብቻ ሳይሆን ሳይጠቍም ያሳለፈውንም ማካተት ይኖርበታል።